የጓደኛዬን ምሽት ጻፍኩት፣ አሁን አያናግረኝም

ጥያቄ፦

ጋሼ እንደምን ከረሙ? ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ፣ ለራሴ ጉዳይ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ነው። 27 ዓመቴ ነው። ቀን ቀን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። ማታ ደግሞ አንድ የቴሌግራም ቻናል አለኝ። አልበም የሌላቸውን፣ በየሆቴሉና በየሰርጉ የሚዘፍኑ የአካባቢያችንን ልጆች ኢንተርቪው አደርጋለሁ፣ ሲጫወቱም ሄጄ አይቼ እጽፋለሁ። ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ ድረስ ሰው ፈልጌ አናግሬያለሁ። ገንዘብ አላገኝበትም። ደስ ስለሚለኝ ነው።

ችግሩ የመጣው በጥምቀት ሰሞን ነው። አብሮ አደጌ ዘፋኝ ነው። አጥር ለአጥር ነው ያደግነው። እናቴ ታማ በነበረ ጊዜ እናቱ ሁለት ዓመት ሙሉ እኔንም እንደ ልጃቸው ያበሉኝ ሴት ናቸው። እሱ አንድ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ መዝፈን ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖት ነበር፣ «እኔን መቼ ነው የምትጽፊው?» እያለም ይቀልድብኝ ነበር። ሄድኩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 7 ነው የዘፈነው። ምሽቱ ጥሩ አልነበረም። የመጀመሪያው ሰዓት ደህና ነበር፣ ከዚያ ድምፁ ሰለለ። ትዝታ ላይ ሁለት ጊዜ ከቅኝት ወጣ። ኪቦርዱም አንድ ዓይነት ምት ይዞ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ቤት ገብቼ ያየሁትን ጻፍኩ። «ተዘጋጅቶ እንዳልመጣ ያስታውቃል» ብያለሁ። «በዚህ አያያዙ ቅዳሜውን እዚህ ለማሳለፍ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መገኘቱን እጠራጠራለሁ» ብዬም ጨረስኩ። ከቅኝት የወጣበትን ቦታ የሚያሳይ 40 ሰከንድ ቪዲዮ አብሬ ለጠፍኩ። ቪዲዮውን ሌሎች ወስደው ቲክቶክ ላይ መሳቂያ አደረጉት።

በሳምንቱ ሆቴሉ ቅዳሜውን ለሌላ ሰው ሰጠ። እሱ ስልኬን አያነሳም። እናቱ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ ምን አጠፋብሽ?» ብቻ ብለውኝ አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ወንድሜ ደግሞ «እውነት ከሆነ ምን አስጨነቀሽ? ጋዜጠኛ ጓደኛ የለውም» ይለኛል። በዚህ መሃል ሌላ ዘፋኝ «ለካርድ ይሁንሽ፣ የቅበላ ዝግጅቴን ቆንጆ አድርገሽ ጻፊልኝ» ብሎ በቴሌብር 3,000 ብር ላከልኝ። አልነካሁትም፣ አልመለስኩትምም። ጽሑፉን ላጥፋው? ይቅርታ ልጠይቅ? ወይስ ሁሉንም ትቼ ሱቄን ልጠብቅ?

ብዕር የከበዳት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ያን ቪዲዮ አውርጂው። ዛሬውኑ። ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ብታወርጂው ደስ ይለኛል፣ የቀረውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ጽሑፉን አላልኩም፣ ቪዲዮውን ነው። ጽሑፉ ያንቺ ጆሮና ያንቺ አስተያየት ነው፣ የሚያነበው ሰው «እሷ እንዲህ መሰላት» ይላል። ቪዲዮው ግን የሱ ፊትና የሱ ጉሮሮ ነው። አራት ሰዓት ከዘፈነው ውስጥ ተመርጠው የወጡ 40 ሰከንዶች ናቸው፣ ያውም የከፉት። እዚያ ቤት ያልነበረ ሰው የቀረውን ከየት ያውቃል? ሕጉም ካንቺ ጋር አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መድረክ ላይ የሚጫወተውን ሰው «ከዋኝ» ይለዋል፣ ሥራው ሳይፈቅድ እንዳይቀረጽና ለሕዝብ እንዳይሰራጭም መብት ይሰጠዋል። አብሮ አደግሽ አዋጅ ይዞ እንደማይመጣብሽ አውቃለሁ። ግን የሰው መድረክ እየዞርሽ የምትጽፊ ከሆነ ይህቺን ማወቅ አለብሽ፣ ከእንግዲህም ስልክሽን ከማውጣትሽ በፊት «ልቅረጽ?» ማለት ልመጂ። ቲክቶክ ላይ ካወጡት ውስጥ የምታውቂያቸው ካሉ በውስጥ መስመር «አውርዱልኝ» በያቸው። ሁሉም እሺ አይሉሽም። ቢሆንም ጠይቂ።

አሁን አንድ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ወጣት ሆኜ ለአንድ ጋዜጣ ስለ ሙዚቃ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ሰማሁና ስለ ድምፁ ክፉ ነገር ጻፍኩ። «የተሰነጠቀ እንስራ» ነው ያልኩት። በዚህች አባባሌ እንዴት እንደኮራሁ ብታዪ፣ ለስንት ሰው አነበብኳት መሰለሽ። ከወር በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ጠጅ ልንጠጣ አንድ ቤት ገባን፣ ለካ የሚጫወተው እሱ ነው። አወቀኝ። ማሲንቆውን እየገዘገዘ ፊቴ ድረስ መጣና እንዲህ አለ፦

ጆሮህ ደህና ነው ወይ፣ ብዕርህ ሰላም ነው፣
ሳል ይዞኝ ነበረ፣ አልጠየቅከኝ ምነው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ታምሞ ሳለ ልጠይቀው ሳልሄድ ቀርቼ የወቀሰኝ መስሎኝ «እግዜር ይማርህ» ልለው ሁላ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ጓደኛዬ በክርኑ ጎሰም ሲያደርገኝ ነው ወርቁ የገባኝ። አልጠየቅከኝም። ሳትጠይቀኝ ጻፍክ። እውነቱን ነው፣ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኩትም ነበር። ሳል ይዞት ይሁን፣ ሐዘን ገጥሞት ይሁን፣ ሳላውቅ ነው ብዕሬን የመዘዝኩት። ተነስቼ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፍኩለት፣ እሱም መርቆኝ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈ። ቂም እንኳ አልያዘም። እኔ ግን ያቺን ስንኝ እስካሁን አልረሳኋትም።

ሂስ ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አዝማሪ ቤት የነበረ ነው። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ይዘፍነዋል፣ ካልተዋጠለት ደግሞ አጣሞ ለራሱ ለባለግጥሙ ይመልስለታል። ይዘላለፋሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ግን ሁሉም ፊት ለፊት ነው። ያንቺ ጽሑፍ ላይ የጎደለኝ ይሄ ነው። ልጁ ተቀብሎ የሚመልስበት ቀዳዳ አልተወሽለትም። ተኝቶ ሲነሳ ስልኩ ላይ ጠበቀው።

እስቲ ጥቂት ልጠይቅሽ። ያን ምሽት ሞኒተር ነበረው? ማለቴ ወደ ተመልካቹ ሳይሆን ወደ ዘፋኙ ዞሮ የሚቀመጠው፣ ዘፋኙ የራሱን ድምፅ የሚሰማበት ማጉያ። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ስንቱ ሆቴል ሁለት ትልልቅ ማጉያ ወደ ሰው አዙሮ ያቆምና በቃ፣ ሳውንድ ሲስተም አለኝ ይላል። ዘፋኙ ኪቦርዱንና የሰዉን ጫጫታ ይሰማል፣ ራሱን ግን አይሰማም። ራሱን ያልሰማ ሰው ምን ያደርጋል? ይጮሃል። ሲጮህ ያመሸ ጉሮሮ ይደክማል፣ የደከመ ጉሮሮ ደግሞ ከቅኝት ይወጣል፣ በተለይ ትዝታ ላይ፣ ምክንያቱም ትዝታ ቀስ ብሎ ድምፅን እየሳበ የሚሄድ ስለሆነ እንደ ጭፈራ ዘፈን ጉድለት መደበቂያ የለውም። አንቺ ራስሽ «የመጀመሪያው ሰዓት ደህና ነበር፣ ከዚያ ድምፁ ሰለለ» ብለሽ ጽፈሻል። ሳይዘጋጅ የመጣ ሰው እኮ ብዙ ጊዜ ገና ከመጀመሪያው ነው የሚያስታውቀው። አንድ ሰዓት ደህና ዘፍኖ ከዚያ የወረደ ሰው ግን እኔን የደከመ ሰው ነው የሚመስለኝ። እርግጥ እኔ እዚያ አልነበርኩም። አንቺ ነበርሽ፣ ግን አልጠየቅሽም።

ደግሞ ጥር ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የጥር ሌሊት ውርጭዋን ላንቺ አልነግርሽም። እኔ አንዴ ለሰርግ መጥቼ የመንዝ ባና ተከናንቤ እንኳ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ ነው ያደርኩት። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ጉሮሮ ያደርቃል። ያ ወር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፣ ቀኑን ድንኳን ውስጥ ሲያስጨፍር ውሎ ማታ ሆቴል የሚገባ ዘፋኝ ሞልቷል። ያን ቅዳሜ ቀን እሱ የት ነበር? አንቺስ የት ተቀምጠሽ ነው የሰማሽው? ከማጉያው ሥር ከነበርሽ ኪቦርዱ ድምፁን ይውጥብሻል። የኪቦርዱ ነገር ራሱ የሱ ጥፋት ላይሆን ይችላል፣ ተጫዋቹን የቀጠረው ሆቴሉ ከሆነ ዘፋኙ ምን ያድርግ?

ይህን ሁሉ ጠይቀሽ ቢሆን ኖሮ «ግሩም ምሽት ነበር» ብለሽ መጻፍ ነበረብሽ ማለቴ አይደለም። መጥፎ ምሽት መጥፎ ነው። ከፍሎ የገባው ሰው ስለ ሞኒተር ምን ገዶት? ግን ጽሑፍሽ ሌላ ይሆን ነበር። አንድ ዘፋኝ ራሱን በማይሰማበት መድረክ ላይ አራት ሰዓት ሲታገል አመሸ የሚል ጽሑፍ ልጁንም አይጥለውም፣ የሆቴሉንም ባለቤት ምናልባት አንድ ማጉያ ያስገዛዋል።

ስለዚህ «ላጥፋው ወይ?» ላልሽኝ፣ እኔ አታጥፊው ባይ ነኝ። ብታጠፊው ሰው ሁሉ ስክሪን ሾት ይዟል፣ ደግሞም ለሌሎቹ ዘፋኞች «ስትቀየሙኝ አጠፋለሁ» ማለት ይሆንብሻል። እንዳለ መተውም አይሆንም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰርዢበት። «ሁለት ጊዜ ከቅኝት ወጣ» የሰማሽው ነው፣ ይቆይ። «ተዘጋጅቶ እንዳልመጣ ያስታውቃል» ግን የሰማሽው አይደለም፣ የሰው ልብ ውስጥ ገብተሽ ያነበብሽው ነው። «ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መገኘቱን እጠራጠራለሁ» ደግሞ ጭራሽ ስለ ሙዚቃ አይደለም፣ ለሆቴሉ ባለቤት የተጻፈ ማመልከቻ ነው የሚመስለው። አውቀሽ እንዳላደረግሽው ይገባኛል። የሚያምር መዝጊያ ስትፈልጊ የመጣልሽ ነው፣ እንደኔ እንስራ። ሁለቱን ሰርዢና ከላይ በግልጽ ጻፊ፦ እነዚህን መስመሮች ሰርዣለሁ፣ ሳልጠይቅ የገመትኩት ስለሆነ፤ ቪዲዮውንም ያለ ፈቃዱ ስላወጣሁት አንስቼዋለሁ፤ ዘፋኙ አብሮ አደጌ ነው። የመጨረሻዋን አትዝለያት። አንባቢዎችሽ ጓደኛሽ መሆኑን ያውቁ ነበር? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም። አብሮ አደግ ሲሆን ወይ ተናግረሽ ትጽፊያለሽ ወይ ሌላ ሰው ይጻፈው።

ወንድምሽ «ጋዜጠኛ ጓደኛ የለውም» ማለቱ እንደ ፊልም ደስ ይላል። አንቺ ግን ጓደኛ አለሽ፣ ያውም የምትኖሪው ጠዋት ዳቦ ልትገዢ ስትወጪ የጻፍሽበትን ሰው በምታገኚበት ከተማ ነው። እኔ ይሄን እንደ ጉድለት አላየውም። እንዲያውም የክፍለ ሀገር ጸሐፊ ከአዲስ አበባው የሚጠነቀቅበት ምክንያት ይሄ ነው፣ ነገ የሚያየው ሰው ስለሆነ ቃሉን ይመዝናል።

ሥራውን አሳጣሁት ወይ የሚለው ነው ከሁሉም የሚከብድሽ መሰለኝ። የሆቴሉ ሰው «በጽሑፍሽ ምክንያት ነው» ብሎ ነግሮሻል ወይስ ቀኑ ስለገጠመ ነው አንቺ ያሰርሽው? ሊሆን ይችላል። ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ባለ ሆቴል በብዙ ምክንያት ዘፋኝ ይቀይራል፣ የቀነሰ ዋጋ የጠራለት ሰው ስላገኘም ይቀይራል። ጥፋቱን ሁሉ ለብቻሽ አትሸከሚው። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። አልበም የሌለው ዘፋኝ የሚበላው ከሰርግ፣ ከሆቴልና ግንባሩ ላይ ከሚለጠፍለት ሽልማት ነው። ጥር ላይ ይሠራል፣ ቅበላ ላይ ይሠራል፣ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባና 55 ቀን ሰርግም የለ፣ በናንተ አካባቢ ሆቴሉም ጭር ይላል። እስከ ፋሲካ የሚያቆየውን የሚይዘው አሁን ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ባንቺ ዓይን አንድ ቅዳሜ ቢሆንም በሱ ዓይን ከዚያ ይበልጣል፣ ዝምታው ከኩራት ብቻ እንዳይመስልሽ። አንቺ ደግሞ እስከ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ድረስ የሚያዘፍኑትን ሰዎች ታውቂያለሽ። ቦታ የሚፈልግ ዘፋኝ እንዳለ ለሁለት ለሦስት ቤት ብትጠቁሚ ነውር የለውም። «ሳትነግሪኝ» ብሎ እንዳይቀየም ግን ከታረቃችሁ በኋላ፣ እሱ ፈቅዶ ይሁን።

ወደ እናትየው ልሂድ። ስለሳቸው የጻፍሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እኔን የነካኝ ግን እሱ ነው። «ልጄ ምን አጠፋብሽ?» ያሉት መልስ ፈልገው አይደለም። እሳቸው ስለ ቅኝትና ስለ ሂስ እንድታስረጂያቸው አይፈልጉም፣ ስልክሽንም አውጥተሽ «እዩት የጻፍኩት ይሄ ነው» እንዳትያቸው አደራ። ሽማግሌ መላክም አያስፈልግም፣ ነገሩን ያገዝፈዋል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ቆልተው ሲቀመጡ ብቻሽን ግቢ። ጉልበታቸውን ስመሽ «እትዬ፣ አስቀይሜዎታለሁ። ልጅዎን ሳላማክር ሰው ፊት አወጣሁት» በያቸው። ይሄው ነው። ቢቆጡ ይቆጡ፣ ሁለት ዓመት ያበሉሽ ሴት መቆጣት መብታቸው ነው። ቡናው ሦስተኛው ሳይፈላ አትውጪ።

ከሱ ጋር ያለው ግን ሌላ ነው። እስቲ ለራስሽ መልሺው፣ ይቅርታ የምትጠይቂው ስለምኑ ነው? ስለሰማሽው ከሆነ ውሸት ይሆናል፣ እሱም ያውቅብሻል፣ ዘፋኝ እኮ መጥፎ የዘፈነበትን ምሽት ከማንም በላይ ራሱ ያውቀዋል። ስላልደወልሽለት፣ ስለ ቪዲዮው፣ ስለ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ከሆነ እውነተኛ ይቅርታ ነው። ደግሞ አንድ የተረሳ ነገር አለ። «እኔን መቼ ነው የምትጽፊው?» ሲልሽ እሱ የጠየቀው እንደ ጓደኛ ነው፣ አንቺ የሄድሽው እንደ ሐያሲ ነው። ይህን አልተነጋገራችሁበትም። እሱ ደስ የሚል ነገር ጠብቆ ሳለ ነው ያን ያነበበው። ይህችን ራሷን ብትነግሪው ብዙ ነገር የሚቀል ይመስለኛል።

በጽሑፍ አትላኪለት። በቴሌግራም የተላከ ይቅርታ «አይቶታል አላየውም» እያልሽ ሌላ ሌሊት ያሳድርሻል። ቀን፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት አግኝው። ምናልባት በጋራ የምታውቁት ሰው «ልታገኝህ ትፈልጋለች» ይበልልሽ። እንቢ ካለ ቢያንስ እስከ ፋሲካ ታገሺው። «ኢንተርቪው ላድርግህ» የሚለውንም እንደ ካሳ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ሰው የሚካሰው በዘገባ አይደለም፣ አንባቢዎችሽም ቢሆኑ ጓደኛዋን ታረቀች ብለው ነው የሚያነቡት። ቀኑ ሲደርስ፣ እሱ ከፈለገ፣ ሌላ ሰው ይጠይቀው፣ አንቺ አርትዖቱን ሥሪ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ለኔ እንዳደረገው እሱም ስላንቺ ጽሑፍ አንድ ነገር ቢናገርበት ሳትቆርጪ አውጪው።

የ3,000 ብሩን ነገር ደግሞ አታሳድሪው። በኛ በሸዋ ጎህ ሲቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙ ላሊበሎች አሉ፣ ልጅ ሆነሽ እንቅልፍሽን ሰብረውሽ ይሆናል። የሰጣቸውን ይመርቃሉ፣ የነፈጋቸውን ይወርፋሉ። እነሱ ይህን የሚያደርጉት ካባት ከናት የወረሱት ሆኖባቸው ነው፣ አልነቅፋቸውም። አንቺ ግን ያን ብር ከበላሽ ከዚያ በኋላ የምታመሰግኚው ሁሉ የተከፈለሽ፣ የምትነቅፊው ሁሉ የነፈገሽ ይመስላል። በተለይ አሁን፣ ጓደኛሽን በነቀፍሽ ማግስት ሌላውን ብታሞግሺ ከተማው ምን እንደሚል አስቢው። ልጁን ግን አታሳፍሪው፣ ስህተት የመሰለውም አይመስለኝም፣ ሰርግ ላይ እንደሚሸለም እሱም የሸለመሽ መስሎት ይሆናል። ብሩን በመጣበት በቴሌብር መልሺና እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ወንድሜ፣ ስላሰብክልኝ አመሰግናለሁ። ስለምጽፈው ሰው ገንዘብ አልቀበልም፣ መልሼልሃለሁ። ዝግጅትህ ላይ እመጣለሁ፣ መግቢያዬንም እከፍላለሁ። ሳውንድ ስትሞክሩ ቀደም ብዬ ብገኝ ደስ ይለኛል።» የመለስሽበትን መልእክት አታጥፊው።

ሄደሽም ሳውንዱ ሲሞከር ተገኚ፣ እውነቴን ነው። ግማሹ ጽሑፍ እዚያ ነው ያለው። ማን ማይኩን እንደነጠቀ፣ የቱ ገመድ እንደሚጮህ፣ ዘፋኙ «ድምፄ አይሰማኝም» ሲል ሳውንድ ማኑ ምን ብሎ እንደመለሰለት ትሰሚያለሽ። ከተቻለሽ አንድን ሰው በአንድ ምሽት አትፍረጂው፣ ሁለት ቅዳሜ ስሚው።

መተውሽን በተመለከተ፣ እኔ እንኳ አልመክርሽም፣ ግን ድካሙ ያንቺ ስለሆነ ውሳኔውም ያንቺ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስሽ። የናንተው የሚንጃሩ ልጅ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን ሄዶ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ፣ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም እንሰማዋለን። በዚያው ዘመን ከሚንጃር እስከ መንዝ፣ ከአንኮበር እስከ መርሐቤቴ ስንት አዝማሪ ነበር? ስማቸውንም አናውቅም። አንድ ሰው መጥቶ «ይህን ግጥም ከማን ተማርክ? ማሲንቆህን ማን ሠራልህ?» ያላቸው የለም። አንቺ መሐል ሜዳ ድረስ ሄደሽ የጠየቅሻቸው ሰዎች ቃል ግን ተጽፎ አለ። ሂሱ ከከበደሽ ለጊዜው አቁሚው፣ ኢንተርቪውን ግን ቀጥዪበት፣ እንዲያውም እኔ ብሆን ለአንድ ሦስት ወር እንደዚያ ነበር የማደርገው። መጠየቅ አንዴ ከለመድሽ ሂሱ ራሱ ተመልሶ ይመጣል።

እና ልጁ አንድ ቀን «እሺ፣ ነይ» ካለሽ ረጅም ንግግር ይዘሽ አትሂጂ። ይቅርታሽን በአጭሩ በይ። ከዚያ ያን ዕለት መጠየቅ የነበረብሽን ጠይቂው፦ «ያን ማታ ራስህን ትሰማ ነበር?» እሱ ሲያወራ ዝም ብለሽ ስሚ፣ ስልክሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይቆይ።